አባባን የማያስነሳው ክብ ወንበር

ለውዷ እህቴ፣ ለእታለም የሺ፤

እንዴት ነሽ? በጣም፣ በጣም እንዴት ነሽ? ባለፈው ስትደውዪ ወገቤን ይዞኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? የዐረብ አገሩ ሙቀትስ ትንሽ ቀነሰልሽ? እመቤትሽ ከነጩኸቷ ደህና ናት? ያቺ ካንቺ እጅ ካልሆነ አልበላም የምትለው ትንሿ ልጅስ አደገች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ እየተንጎዳጎደች ደህና ናት፣ አባባ ተቀምጠው ደህና ናቸው፣ እኔ ደግሞ እሳቸውን እያነሳሁ ደህና ነኝ። ክረምቱ ሊወጣ ነው። ገብሱ ዛላውን ይዟል፣ አደይ አበባው ከአጥሩ ሥር ፈንድቷል አሉ። አሉ ያልኩሽ እኔ ከደጃፋችን አልፌ ብዙም ስላላየሁ ነው።

በወረቀት የጻፍኩልሽ በምክንያት ነው። በስልክ ስናወራ አባባ «ድምፁን ልቀቂው፣ እኔም ልጄን ልስማ» ስለሚሉ አንዲት ቁም ነገር ሹክ ልልሽ አልቻልኩም። ካንቺ ጋር አንድ ከተማ የምትሠራዋ የሐሙሲቷ አዲስዓለም እረፍቷን ጨርሳ ሰኞ እዚያ ስለምትደርስ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። አባባ ይኸው ከፊቴ ተቀምጠዋል። ማንበብ ባይችሉም ብዕሬ ሲሮጥ ያያሉ። አሁን ራሱ «ምን ላይ ደረስሽ?» ሲሉኝ «ገና ሰላምታ ላይ ነኝ» አልኳቸው። «ይሄ ሁሉ ሰላምታ ነው?» «የሺ እኮ ዘመዷ ብዙ ነው» ብዬ ዝም አሰኘኋቸው።

ጉዳዬ ስለ ወንበሩ ነው። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ፤ ተቆጪኝና ቶሎ ይውጣልሽ። አንቺ ብሩን ስትልኪልኝ «መደገፊያው ቀጥ ያለ፣ የክንድ ማሳረፊያ ያለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ወንበር ግዢላቸው» ነበር ያልሽኝ። እኔም እንዲያ ያለውን ፍለጋ ነበር ነሐሴ ላይ ደብረ ታቦር የሄድኩት። ከጓደኛዬ ከትዝታ ጋር ከመናኸሪያው ጀርባ ያሉትን የቤት ዕቃ ቤቶች አንድ ባንድ አዳረስናቸው። ጣውላው፣ ብረቱ፣ ፕላስቲኩ፣ ሁሉም እንዳልሽው ቀጥ ያለ ነው፤ ሁሉም ደግሞ እንደ ደብራችን መሪጌታ ደምሴ ፊት ደረቅ። በመጨረሻው ቤት ጥግ ላይ ግን ይሄ ክብ ወንበር ነበር። እንደ ትልቅ ሰፌድ ጎድጎድ ያለ፣ ማሰሮ ማቶቱ ላይ እንደሚቀመጥ በክብ እግር ላይ ዘፍ ያለ፣ በላዩ ደግሞ እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ ቀይ ትራስ። ቁጭ አልኩበት። ከዚያ ወዲያ ስለ አባባ ወገብ ያሰብኩት ነገር የለም። እኔ እዚያ ውስጥ ተጠቅልዬ መጽሐፍ ሳነብ ነው የታየኝ። ለአባባም «የሺ ራሷ ይሄንኑ ግዢ ብላኛለች» አልኳቸው። ይኸው ኃጢአቴ።

ደግሞ ዝም ብዬ አላፈስኩትም። ሻጩ ራታን ይባላል፣ ባሕር ማዶ ጫካ ውስጥ የሚያድግ ሐረግ ነው አለኝ። ቀርከሃ ቢሆንስ ብዬ ስጠራጠር የተቆረጠውን ጫፍ አሳየኝ፤ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፣ ይሄ ግን ድፍን ነው። እኔም መገጣጠሚያውን ሁሉ እየዳሰስኩ የላላ ማሰሪያ ፈለግሁ፣ ገልብጬ ነቀዝ የበላው ቀዳዳ ፈለግሁ፣ እግሩን ወዘወዝኩት፣ የትራሱ ልብስ በዚፕ ወልቆ የሚታጠብ መሆኑን አየሁ። ሰውየው ሲሰለቸው «እህቴ፣ በሬ ነው እንዴ የምትገዢው? ጥርሱን ልክፈትልሽ?» አለኝ።

በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ከአስፋልቱ ወረድኩና ጎድጓዳውን በራሴ፣ ትራሱን በጀርባዬ፣ እግሩን በትዝታ ትከሻ አድርገን ሰፈር ስንገባ ጎረቤታችን አያ ማሩ ከማሳቸው ቀና ብለው «ሰብለ፣ ስንት ቻናል ይይዛል?» አሉኝ። ዲሽ መስሏቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ፊልም ሊያዩ የመጡ ሽማግሌዎች ስንመልስ ዋልን።

አባባም መጀመሪያ ተጠራጠሩት። ዙሪያውን ዞሩት፣ በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት፣ «ሰው ይቀመጥበታል ወይስ ዶሮ ይታቀፍበታል?» አሉ። ከዚያ ተቀመጡ፤ ሰመጡም። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ሊገጥም ምንም አልቀረው። «እፎይ» አሉ። ያን «እፎይ» አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። መሪጌታ ደምሴ «ይሄ የሰነፍ ዙፋን ነው» ብለው ሊገሥጿቸው መጡና «ለመሞከር ያህል» ሲቀመጡበት ዳዊታቸውን እንደያዙ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። የሠርክ ጸሎት ሊያመልጣቸው ሲል እኔና አያ ማሩ በግራ በቀኝ ጎትተን አወጣናቸው። ከዚያ ወዲህ ግሣጼው ቀርቷል፤ ጥየቃው ግን በዝቷል።

ይሄ ሁሉ ታዲያ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂዋም እኔ ነኝ። ፀሐይ ከጠናበት ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ከነካው ይሻግታል፤ ስለዚህ ሰማዩን እያየሁ ሳወጣና ሳስገባ እውላለሁ። መሬታችን እርጥብ ስለሆነ ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፌለታለሁ። በሐረጉ መሐል የገባውን አቧራ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ ወዲያው በደረቅ እደግማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ትራሱን ፀሐይ ላይ አሰጣና በዱላ እመታዋለሁ፣ አንድ ቁንጫ ከገባበት አለቀልን። ድመቷ ጥፍሯን ልትስልበት ስትመጣ ደግሞ ጫማ እወረውራለሁ። በዚህ ቤት እንዲህ ተጠብቆ ያደገ ልጅ የለም።

ዋናው ችግር ግን ማንሳቱ ነው። «ሰብለ፣ ነይ ሳብ አድርጊኝ!» ይህን በቀን ስምንት ጊዜ እሰማለሁ። ለቁርስ ሳብ፣ ወደ ጓሮ ሳብ፣ ለፀበል ሳብ፣ ሰው ሊሸኙ ሳብ። ምንጭ ወርጄ ትንሽ ከቆየሁ አባባ አያ ማሩን ይጣራሉ፣ አያ ማሩ ማዶ ሰፈርን ይጣራሉ፣ ማዶ ሰፈር እኔን ይጣራል። አንድ ቀበሌ ሙሉ ሥራው እኔን መጥራት ሆኗል። እንስራዬን ሳልሞላ ነው የምመለሰው።

ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ማለፌን ነግሬሻለሁ። የእኛ ትምህርት ቤት አሥረኛ ላይ ያበቃል። ትዝታ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይታ ለእኔም ቦታ ይዛልኛለች፤ ምዝገባው የዛሬ ሳምንት አርብ ይዘጋል። ለአባባ ስነግራቸው አትሄጂም አላሉኝም። ቢሉኝ እኮ ይሻለኝ ነበር፤ እከራከራቸው ነበር። «ደግ ነው ልጄ፣ ተማሪ» ይሉና ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው «ማን ያነሳኛል እንጂ» ይላሉ። እማዬ ትከሻዋን ያማታል፣ ወንድማችን ብርሃኑም እብናት ትዳር ይዞ ቀርቷል። እማዬ «መስቀል ይለፍና እናየዋለን» ትላለች። መስቀል የሚያልፈው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ነው ብላት «እሱማ ነው» ብላ ወጧን ታማስላለች። ወንበሩን በሌላ እንለውጠው ብዬ ብሞክር ደግሞ አባባ «የሺ መርጣ የላከችልኝን? በሕይወቴ!» አሉኝ። በገዛ ውሸቴ ታሰርኩልሽ፣ እታለም።

ማክሰኞ ለት የሆነውን ግን ስሚኝ። አባባ ደጃፍ ላይ ወንበራቸው ውስጥ ነበሩ፤ እኔ ከቤቱ ጎን ጎመኑ መሐል አጎንብሼ እቀነጥሳለሁ፤ እማዬ የለችም። ቀና ስል የአያ ማሩ በሬ ገብሳችን ውስጥ ገብቷል። ልጮህ አፌን ስከፍት አባባን አየኋቸው። ማንም ሳይስባቸው ብድግ አሉ! ዱላቸውን አንስተው፣ ቦዩን ዘለው፣ «ሂድ! ሂድ አንተ ሌባ!» እያሉ በሬውን እስከ ድንበሩ አባረሩት። የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ እንጂ አባባ አይመስሉም። ከዚያ ግራ ቀኙን አዩ። ቀስ ብለው ተመለሱ፣ ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጥተው ሰመጡበት፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ተጣሩ፦ «ሰብለ! ነይ ሳብ አድርጊኝ!»

ሄድኩ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። እኔ እግራቸውን አየሁ፣ እሳቸው እኔን አዩኝ፣ ጋቢውን ሳብ አድርገው እግራቸው ላይ ጣሉት። እጄን ሰጠኋቸው፣ ሳብኳቸው። እንደዚያ ቀን ከብደውኝ አያውቁም።

በጣም ተናድጄ ነበር። እራት ስንቀርብ እማዬ ፊት ላጋልጣቸው ቆረጥኩ። እጃቸውን ሳስታጥባቸው ግን ድንገት «የሺ የሄደች ለት ዝናብ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አልነበረም አልኳቸው። «እኔ ዝናብ ነበር ስል» ብለው እጃቸውን አራገፉ። ትዝ ይልሽ እንደሆነ ያን ለት ሁላችንም እስከ መኪናው ስንሸኝሽ አባባ ከመደቡ አልተነሱም። አንቺም ተቆጥተውኛል ብለሽ መንገዱን ሙሉ አለቀስሽ። አልተቆጡም፣ እታለም። ከተነሱ መሸኘት ሊሆን ነው፤ ካልተነሱ ግን የሄደ ሰው የለም። አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩት።

ይሁንና ማዘኔ አላስፈታኝም። እንዲያውም አጠበቀብኝ። ድሮ ወንበሩ ነበር የያዘኝ፣ አሁን እሳቸው ናቸው። ወንበር ቢሆን እሰብረው ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ ካልተመዘገብኩ የዛሬ ዓመትም «ማን ያነሳኛል» አለ፣ የዛሬ ሁለት ዓመትም አለ። ስለዚህ እባክሽ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ማክሰኞ ደውዪላቸው። ስለ ጭቃው አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፣ ያፍራሉ። ወንበሩን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ግን ንገሪያቸው፤ ቁጣው በእኔ ይሁን። ከዚያ «ሰብለ ትማር» በያቸው። ያንቺን ቃል አይጥሉም።

«አሁንስ ጨረስሽ?» እያሉኝ ነውና ወደ እውነተኛው ሰላምታ ልግባ። እማዬ «በአዲስዓለም በርበሬ ልኬልሻለሁ፤ ለእመቤትሽ እንዳታቀምሻት፣ ትሞትብናለች» ብላ ትስምሻለች። ብርሃኑ ከነባለቤቱ ከእብናት ሰላም ብሎሻል። አያ ማሩ «ከዚያ ሙቀት ትንሽ ይላክልን» ይሉሻል፤ ስለ በሬያቸው የሚሉት ነገር የለም። መሪጌታ ደምሴ በጸሎታቸው አልረሱሽም፤ የሚጸልዩት የት ተቀምጠው እንደሆነ አንቺው ገምቺ። ትዝታ ናፍቃሻለች። አብረውሽ ለሚኖሩት እህቶች ሁሉ፣ ለትንሿም ልጅ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የአባባን በመጨረሻ ነው የምጽፈው፤ ቃሉን የሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው። «ጻፊ» አሉኝ፣ ገብሱን እያዩ። «ደህና ነኝ በያት። ገብሱም ደህና ነው። ወንበሩ ጥሩ ነው በያት።» ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ከወንበሩ ብቻዬን እነሳለሁ፣ ሰው አያስፈልገኝም ብለሽ ጻፊ።» ብዕሬን አንስቼ አየኋቸው። አላዩኝም። «ጻፍሽው?» አሉኝ። «ጻፍኩት፣ አባባ።» «እስቲ አንብቢልኝ።» አነበብኩላቸው። «እንደሱ ነው» አሉ።

ይህን ስጽፍልሽ ገና አልተነሱም። እጃቸውንም ግን አልዘረጉም።

እህትሽ ሰብለወንጌል ውባንተ
ፋርጣ፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ
መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም.