የዲጎሪ ድርሻ

ከብሬስት ወደብ ፊት ለፊት፣ ባሕር ላይ
ኖቬምበር 9 ቀን 1804

የቤቴ ብርሃን ላቭዴይ፣

ይህን ደብዳቤ እናትሽ አጠገብ ሆነሽ ከፍተሽው ከሆነ እጠፊውና «ኋላ አነብልዎታለሁ» በያቸው። ከዚያ ጀልባዎቹ ወደሚጠገኑበት ውረጂና ብቻሽን አንብቢው። እስክትደርሺ ድረስ ስለ ራሴ ላውራሽ።

እኔ በሕይወት አለሁ። ጥርሴ ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ ሌላው ደህና ነው። የፈረንሳይ መርከቦች ከወደባቸው እንዳይወጡ እንጠብቃለን። እነሱ እሳት እየሞቁ ትኩስ ዳቦ ይበላሉ፤ ዝናቡ የሚወርደው በእኛ በጠባቂዎቹ ላይ ነው። ማን ማንን እንዳሰረ እንጃ። ልብሳችን ከበጋ ወዲህ ደርቆ አያውቅም። ብስኩቱን ከመብላታችን በፊት ጠረጴዛው ላይ እናንኳኳዋለን፣ ነቀዞቹ እንዲወጡ። ወንድምሽ ዲጎሪ «ተከራዩ ሳይወጣ ቤት አይገባም» ይል ነበር።

ይል ነበር አልኩሽ። እንግዲህ ጀልባዎቹ ዘንድ ደርሰሻል።

ወንድምሽ ሞቷል፣ ላቭዴይ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታና ሸራውን ልናሳጥር ምሰሶው ላይ ወጣን። እንደ ወትሮው ጎን ለጎን ነበርን፤ ሆዳችን አግዳሚው እንጨት ላይ፣ እግራችን ገመድ ላይ። ሸራው በዝናብ ርሶ እንደ ጣውላ ጠጥሯል። አንዴ ተወራጨና የዲጎሪን ደረት መታው። እጄን ዘረጋሁ፤ እጅጌውን ነካሁት እንጂ አልያዝኩትም፤ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በዚያ ማዕበል መርከብ አዙሮ ሰው መፈለግ አይቻልም። አዛዡ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እኛም ሥራችንን ጨርሰን ወረድን። ያለቀስኩት ከወረድኩ በኋላ ነው። እላይ ሆኖ የሚያለቅስ ሰው፣ ቀጥሎ የሚወድቀው እሱ ነው።

ምሳ የምንበላው ስድስት ሆነን፣ በሁለት መድፎች መካከል በተንጠለጠለች ጠረጴዛ ላይ ነበር። ግማሹ ሥጋ አጥንት ስለሆነ ጠብ እንዳይነሳ ሽማግሌው ሆሴዕ ይቆርጠዋል፣ እኔ ጀርባዬን አዞራለሁ። እሱ አንዱን ቁራጭ በቢላው ነካ አድርጎ «ይሄ ለማን?» ይላል፤ እኔ ሳላይ የአንዳችንን ስም እጠራለሁ። ዲጎሪ ዕድል የለውም፤ ሁልጊዜ አጥንቱ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

«ጀርባህ ዓይን አለው መሰለኝ!» ይለኝ ነበር። «እህቴን ሰጥቼህ አጥንት ትሰጠኛለህ?»

«እህትህንም ጀርባዬን አዙሬ ነው ያገኘኋት» ስለው ጠረጴዛው በሳቅ ይናጋል። አትቀየሚኝ፣ ሳቅ ለማግኘት ያልኩት ነው።

ሰኞ ዕለት ሆሴዕ እጁ ለምዶ ስድስት ቦታ ቆረጠው። እኔም አፌ ለምዶ «ለዲጎሪ» አልኩ። ዞር ስል ሁሉም አቀርቅሯል። ቁራጩን የሚነካው ጠፍቶ እስከ ማታ ሳህኑ ላይ ዋለ፤ በኋላ ሆሴዕ በመድፉ መስኮት ወደ ባሕር ወረወረውና «ለባለቤቱ ይድረሰው» አለ። እንዴት ያለ ስብ ያለው ቁራጭ ነበር መሰለሽ! በሕይወቱ እንደዚያ ያለ አልደረሰውም።

በማግስቱ ስንቅ ይዞ ከመጣው መርከብ፣ በእሱ ቦታ አንድ ሸማኔ ሰጡን። ከፕሊማውዝ ገበያ በአፈሳ ተይዞ፣ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ የመጣ ሰው ነው። ባሕሩ እያስመለሰው አንድ ጥግ ወድቆ ሰነበተ፤ ስሙን የጠየቀው አልነበረም። መጀመሪያ ማዕድ የቀረበ ዕለት እኔ ደግሜ «ለዲጎሪ» ብዬ አረፍኩት። ምላሴን በነከስኩት! ሸማኔው ግን እጁን ሰደደና ቁራጩን አነሳው።

የወንድምሽ የልብ ጓደኛ ሃኒባል አነቀው። «የሟች ድርሻ ትበላለህ? አንተ አውሬ!»

ሰውየው እያኘከ መለሰለት። «እኔስ ከሞትኩ ቆየሁ አይደል እንዴ? ሚስቴ ገበያ እንደወጣሁ ነው የቀረሁባት፤ ይሄኔ ለቅሶ ተቀምጣለች። እናንተ ደግሞ ከመጣሁ ጀምሮ ‹አንተ› እንጂ ስምህ ማነው ያላችሁኝ የለም። በሟች ስም ብበላ ምን ይገርማል?»

«ልቀቀው፣ ሃኒባል» አለ ሆሴዕ። «ዲጎሪ ቢሆን ያካፍለው ነበር።»

ሃኒባል ለቀቀው። ትንሽ ቆይቶ ከራሱ ሳህን ስብ ቆርጦ ጨመረለት። የሰውየው ስም አቤል ነው። ቀኑን ሙሉ አቤል እንለዋለን፤ ምሳ ላይ ግን እኔ «ለዲጎሪ» ስል የሚወስደው እሱ ነው። ማንም አልወሰነውም፣ እንዲሁ ሆኖ ቀረ። እኔም ያን ስም መተው አልቻልኩም። ባልጠራው ሁለተኛ ከእጄ የሚያመልጠኝ ይመስለኛል።

አሁን ጭንቀቴ እናትሽ ናቸው። ልባቸው እንደ ደከመ፣ ብርዱ እስኪያልፍ ድንጋጤ እንዳይነካቸው ሐኪሙ እንዳዘዘ ጽፈሽልኛል። አባትሽንም የወሰደባቸው ይኸው ባሕር ነው። የዲጎሪን መርዶ እኔው ተመልሼ፣ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ልነግራቸው እፈልጋለሁ። ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ ስንቁ እንዴት እንደሚቀል እዚህ በየቀኑ አያለሁ። ስለዚህ ልዋሻቸው አልፈልግም። ከዚህ በታች ያለውን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፦

«እማማ፣ የዲጎሪ ስም በየቀኑ ምሳ ላይ ይጠራል። ድርሻውም ፍርፋሪ ሳይቀር ይበላል። ጓደኞቹ ይወዱታል፤ ከመካከላችን እሱን የሚረሳ የለም።»

አንድም ውሸት የለበትም። ለምን ራሱ አልጻፈም ካሉሽ፣ እጁ ለገመድ እንጂ ለብዕር እንዳልተፈጠረ እሳቸውም ያውቃሉ።

ነፋሱ እንደገና እየበረታ ነው፤ አሁን ይጠሩናል። ማዕበሉን የሚገሥጽ ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅልኝ፣ እሳታችሁን አያጥፋባችሁ፣ እማማን ለጸደይ ያድርስልኝ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ምናልባት አንድ ቀን በሃኒባል እጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይደርስሽ ይሆናል። «የጃጎ ስም በየቀኑ ምሳ ላይ ይጠራል» የሚል ከሆነ፣ አንቺ ጀልባዎቹ ዘንድ ወርደሽ አልቅሺ።

ባልሽ
ጃጎ ፔንሄል