ሦስተኛው ሥር

«የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ሁለት ሥር ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱንም አክሜልሃለሁ። ከእንግዲህ የሚያምህ ጥርስህ ሳይሆን ሐሳብህ ነው።»

ደምመላሽ፣ ይህን ያልከኝ አንተ ነህ፣ አዳማ ክሊኒክህ ውስጥ። የአዳማ ሙቀት ያስተኛውን ሕመም የዚህ ደጋ ነፋስ ቀሰቀሰው። ዛሬ ከጋፋት ስመለስ ሕመሙ ቢጠናብኝ ደብረ ታቦር ላይ የምስራች የምትባል የጥርስ ሐኪም ዘንድ ገባሁ። ራጁን ፊት ለፊት ካነሳች በኋላ መሣሪያውን ወደ ጎን አዘንብላ ደገመችውና፣ «ጋሼ፣ ከኋለኛው ሥር ጀርባ ተደብቆ ወደ ምላስዎ የታጠፈ ሦስተኛ ሥር አለ። ጨርሶ አልተነካም» አለችኝ።

ተራ የሚጠብቁ፣ ጥርሳቸው ያለቀ አንድ የኔታ ይህን ሰምተው፣ «ለእኔ ጥርሱን ነስቶ ለዚህ ሥር ይጨምርለታል!» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እህቴን ላቀችን እያሰብኩ ነበር። እሷንም አክመህ ሕመሙ አልተዋትም፤ እሷንም «ሐሳብ ነው» ብለሃታል፤ አላርፍ ብትልህ ከጥምቀት በኋላ ልትነቅልላት ቀጥረሃታል። የደብረ ታቦሯ ሐኪም እንዲህ ያለው ሥር በዘር ሊመጣ ይችላል ትላለች። ለላቀች ብደውልላት፣ «ደምመላሽ ካለ ልክ ነው፤ የታመመው ጭንቅላቴ ነው» አለችኝ። ከአንተ አፍ ካልሰማች አታምንም።

ለባለቤትህ ለትንሣኤና ለልጆቹ ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ እነሱ አልበደሉኝም። የላቀችን ጥርስ ከጎን ራጅ አንስተህ ያየኸውን ለራሷ ንገራት፤ እኔንም ከቀጠሮዋ በፊት፣ እስከ ጥር 6 ድረስ፣ በደብረ ታቦር ፖስታ ቤት በኩል በጽሑፍ አሳውቀኝ።

ታካሚህ፣ ዋልልኝ