የአባባ ኒሻን እና የእብናቱ ሰውዬ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

የሙሽራ ኮት እጅጌ እያሳጠርኩ ሰውዬው እንደገና መጣ። ያው የባለፈው ሳምንቱ፣ የእብናቱ። ፈንታሁን ነኝ ያለው። ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆሞ አስር አለቃ ታከለ አሉ ወይ አለ። አባባ ጠበል ሄደዋል አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ጓዳ ጋደም ብለዋል። ብርድ ሲሆን የቆሰለ እግራቸው አያስቆማቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። ከአባትሽ ጋር በአንድ ሻምበል ዘምቻለሁ ይላል። ሁለት ኒሻን ይገባቸው ነበር፣ አንዱ ለጀብዱ፣ አንዱ ለመቁሰላቸው፤ ማኅደራቸው ላይ ግን አልሰፈረም። ያመልክቱ፣ እኔ እመሰክራለሁ። እርስዎስ ምን ይጠቀማሉ አልኩት።

“እኔማ ምን እጠቀማለሁ፣ እህቴ።”

እህቴ! ጅዳ የሸኘኝ ደላላም እህቴ ነበር የሚለኝ። ፓስፖርቴን የቀማችኝ ማዳምም። በነጻ የሚሮጥልኝ ሰው አላምንም። ደግሞ ጸጉሩ በቅጡ እንኳ አልሸበተም። አባባ ስድሳውን ካለፉ ቆዩ። ታዲያ ይሄ መቼ ዘመተ? በጡት ልጅነቱ?

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ምሳ ላይ ለአባባ ነገርኳቸው። እብናት ስል የጎረሱትን እንደምንም ዋጡና ከማዕዱ ተነሡ። “ይቅር” አሉ።

ለምን ብላቸው፣ “ይቅር አልኩሽ እኮ።”

ፈንታሁን የሚባል ያውቃሉ? አያውቁም። ሻምበላቸው ውስጥ እንዲህ የሚባል አልነበረም። እንግዲያው ሰውዬው ቀጣፊ ነው።

የአባባ ፊትስ ምነው እንዲያ ጠቆረ? ጀብዱ የተባለውን አልሠሩት ይሆን? ሌላ ሰው የሠራው ይሆን? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የገዛ አባቴን።

ኅዳር 6፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ሱቁን ዘግቼ፣ ለአባባ ትንፍሽ ሳልል፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ወደሚታይበት ጽ/ቤት። ሠራተኛዋ ልጅ ደግ ናት። ደግነቷንም ጠረጠርኩ።

ማኅደሩ እዚሁ ደ/ታቦር ነው። አዛዣቸው ይሸለም ብሎ ጽፏል፤ ኮረብታ ላይ በመትረየስ ጠላትን አዘግይቶ ጦሩ እንዲወጣ አድርጓል፣ ቆስሏል ይላል። ሳይጸድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፣ በዚያው ቀረ። አባትሽ ራሳቸው መጥተው ቃል ይስጡ፣ አብሮ የዘመተ ምስክር ያምጡ፣ ይታረማል አለች።

አባባ አልዋሹም። ደስ አለኝ። ወዲያው አፈርኩ።

ልወጣ ስል፣ ወንድምሽም መጥቶ ይህንኑ ጠይቋል አለችኝ። ወንድም የለኝም። መልኩን አስነገርኳት። ፈንታሁን!

ቆይ ብቻ። ነገ እብናት ገበያ ነው።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

እብናት ደርሼ ተመለስኩ።

ከብት ተራ ውስጥ ወይፈን ሲያሻሽጥ አገኘሁት። አንቱታውን ተውኩት። በሰው ፊት ጮህኩበት። ወንድሜ የሆንከው መቼ ነው? ማን ነህ? ገመዱን ለሰው ሰጠና ከአጥሩ ጥላ ሥር ወሰደኝ። አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ወታደር ሆኖ አያውቅም። የዘመተው ታላቅ ወንድሙ ደረጀ ነው። ከአባባ ጋር አንድ መትረየስ ላይ ነበር፤ ይህን ከአንድ ዘማች ሰምቷል። የደረጀ ማኅደር ግን በዚያው ውጊያ ቀን ኮበለለ ይላል። ቤታቸው የከዳተኛ ቤት ተባለ። እናታቸው እማማ ጥሩዬ በሕይወት አሉ። የሞተ ልጅ ይለቀስለታል፣ የኮበለለ ግን ይጠበቃል። ፍታትም ተዝካርም የለም። እስከ ዛሬ በራቸውን ሳይቀረቅሩ ነው የሚተኙት።

“እውነቱን መጀመሪያ ለምን አልነገሩኝም?” አልኩት። አንቱታው ሳላስበው ተመለሰ።

“ኮበለለ ብሎ ያስጻፈው አባትሽ ቢሆንስ? ጠርጥሬያለሁዋ። ልጁ ነኝ ብዬ ማኅደሩን አስነበብኩ፤ ኒሻን ሲሉት አፉን ይከፍታል ብዬ ነው።”

አጥምዶን ነበር። መጠርጠሬ ልክ ነበር። ልክ በመሆኔ ምንም ደስ አላለኝም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሁሉንም ለአባባ አፈረጥኩት።

“ኮበለለ?” አሉ። “ደረጀ? ደረጀ ኮበለለ?”

ከዚያ አለቀሱ። አባባ። እማዬ ስትሞት ያላለቀሱት።

ያን ቀን ሌላው ጦር ከኮረብታው ሲወርድ እሳቸውና ደረጀ ቀሩ። ረፋዱ ላይ ደረጀ ወደቀ። አባባ በተመታ እግራቸው እየተሳቡ ድንጋይ ደራርበውበት ወረዱ። ሆስፒታል ለመጣው መኮንን ደረጀ ሞቷል ብለው ተናግረዋል። የተጻፈ መሰላቸው። መርዶውም እናቱ ዘንድ የደረሰ። ኒሻኑን ያልጠየቁት ለዚህ ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ እሱ አፈር ገብቶ እኔ ደረቴን ላሳይ አሉ።

እብናት ሄደው ለቅሶ ለምን እንዳልደረሱ አልጠየቅኩም። እንደ መናዘዝ ራሳቸው አወጡት።

“እናቱ፣ አንተስ እንዴት ተረፍክ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?”

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ጽ/ቤት። አባባ በከዘራ። ጋሽ ፈንታሁንም ያንን ዘማች ይዘው መጥተዋል። አባባና እሳቸው ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ልጅቷ በሽልማቱ ልትጀምር ስትል አባባ አስቆሟት።

“የእኔ ይደርሳል። መጀመሪያ የደረጀን ጻፊ።”

ሲጨርሱ ጋሽ ፈንታሁን ተነሥተው የአባባን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አባባ ከወገባቸው ቀና አደረጓቸው። እኔ? ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ያድራል ብዬ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ካልሰጣችሁኝ አልወጣም አልኩ። ሰጡኝ።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

ውሳኔው ወጣ! ደረጀ፦ በግዳጅ ላይ የተሰዋ። የአባባም ሁለቱም ኒሻኖች ማኅደራቸው ላይ ሰፍረዋል። ልጅቷን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። የስም ስህተት ፈለግኩ። የለም።

አባባ ኒሻኑን አልፈው፣ መርዶውን ራሴ ነው የምነግር አሉ።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ፣ ከእብናት መልስ

ዓርብ ገብተን ጎረቤት አደርን። ጎህ ሲቀድ ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባን። እማማ ጥሩዬ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩና ነጠላቸውን ሳይባሉ አዘቀዘቁ። አባባ ነገሯቸው። ቁመው፣ ከዘራቸውን ጥለው። ልጅዎ አልሸሸም፣ ከእኔ ጋር ነበር፣ በእጄ ቀበርኩት።

ለቅሶው ምን ይጻፋል? የስንት ዓመት ለቅሶ። መንደሩ ሁሉ ወጣ፤ ከዳተኛ ይሏቸው የነበሩትም ደረታቸውን እየደቁ። ተዝካሩ ጾሙ ሲፈታ፣ ከገና በኋላ ይሆናል። አባባ እንደ ቤተ ዘመድ ይቀመጣሉ ተብሏል።

ያ የሚፈሩት ጥያቄ አልመጣም። እማማ ጥሩዬ ሲረግብላቸው አባባን አጠገባቸው አስቀመጡና ሌላ ነገር ጠየቁ።

“ውሃ አግኝቶ ነበር? ሲወድቅ?”

“አጠጥቼዋለሁ፣ እናቴ። ጠግቦ ጠጥቷል።”

እማማ አባባን ሳሙ። ጉንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ እጃቸውን።

ሚኒባስ ውስጥ አባባን በጎን አየኋቸው። ያ ኮረብታ። ረፋድ። ውሃ ከየት? ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ነበር። እሳቸው በመስኮቱ የተወቃውን አውድማ ያያሉ።

አልጠይቃቸውም። ይሄን አንዱን፣ ደብተሬ፣ ላንቺም ቢሆን አልመረምረውም።