ሉማሜ ሳትደርስ የቆመችው ካሚዮን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለመሪጌታ አካለ ወልድ፤
ገዳሪፍ።

አያ አካለ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎስ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? አምና ወባ ጥሎዎት ነበር የሚል ወሬ ደርሶን እናታችን እህል አልቀምስ ብላ ጎረቤት ለምኖ ነው ያበላት። እትዬ ያለምወርቅስ እንዴት ናቸው? ልጃችሁ አለሚቱስ አደገች? በሰው አገር ስታድግ ያገሯን ቋንቋ እንዳትረሳ አደራ። እኛ ከሞት የተረፍነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አለን ከማለት አልፌ ደኅና ነን ብዬ ብጽፍልዎ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ዲያቆን ወልደ ሚካኤል ነው። ወደ ሱዳን ከሚወርዱ የአርበኞች መልእክተኞች ጋር ስለሚሄድ በልብሱ ውስጥ ሰፍቶ ሊይዝልኝ ቃል ገብቷል። ሲደርስ እግሩን አጥበው ያሳርፉልኝ።

አያ አካለ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ወንድማችን ድረስ ሞቷል። በኅዳር ወር፣ ሉማሜ ሳንደርስ፣ ከመንገዱ በታች ገደሉት። ይቀመጡና ያንብቡት፤ እትዬ ያለምወርቅንም አጠገብዎ ያድርጓቸው። ምናልባት ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ይሆናል። አንዱ ወሬ «አንሙት የጣሊያንን ካሚዮን ሆን ብሎ ሰበረ» ይላል። ሌላው «አንሙት ወንድሙን በገዛ እጁ ጭኖ አስረከበ» ይላል። የዚያችን የጭነት መኪና መሪ የያዝሁት እኔ ነኝና የሆነውን ከእኔው ይስሙት።

ለጣሊያን መንዳቴን ሲሰሙ እንዳዘኑብኝ፣ የላኩብኝም ቃል የቁጣ ቃል እንደ ነበር አውቃለሁ። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ዘንድ መንዳት መማሬን የደብረ ማርቆስ ሰው ሁሉ ያውቅ ስለ ነበር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ጣሊያን ሹፌር ሲያጥረው ጠቁመው አስያዙኝ። «ወይ ንዳ ወይ ታሰር» አሉኝ፤ ነዳሁ። ድረስ በዚህ ሁለት ዓመት ተቀይሞኝ ኖረ። ገበያ ላይ ስንገናኝ እንኳ የበቅሎውን ጭነት የሚያስተካክል መስሎ ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር። እኔም ልጁ ቆይቶ ይበርድለታል እያልሁ ዝም አልሁ።

እንግሊዝ ባሕሩን ከዘጋባቸው፣ አርበኛውም የዓባይን መንገድ መቁረጥ ካበዛ ወዲህ ለመኪናዎቹ የሚሆን ነገር ሁሉ አለቀ። ቤንዚን እንደ መድኃኒት በጣሳ ይሰፈር ጀመር። ከቤንዚኑም የባሰው የሞተር ዘይት ነበር፤ ሞተር ዘይት ካጣ ብረት ብረትን ይበላና ይደርቃል። ዘይቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ለደጋው ብርድ ቶሎ የሚፈስ ቀጭን አለ፤ ለዓባይ በረሃ ደግሞ እንደ ማር የሚዘገይ ወፍራም አለ። በጋራዡ ከሁለቱም የቀረው የበርሜል ግርጌ ብቻ ነበር። ሌላው ከአውሮፕላኑ ሜዳ የመጣ፣ ከጉሎ የተጨመቀ ዘይት ነው። ሽታው እናታችን ምጣድ ስታስስ ያለው ሽታ ነው።

የጋራዡ አለቃ ሳል የሚያሠቃየው ሽማግሌ ጣሊያን ነበር። ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ደክሞታል። አንድ ቀን ማምሻውን የቀረውን ሁሉ በአንድ ገንዳ አስገልብጦን፣ እሳት ላይ አድርገን በእንጨት አማሰልነው። ትኩስ ሳለ የተዋሐደ መሰለ። ጣሊያኑ በጣቶቹ መካከል አሻሸውና «ደጀን ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የደጀን ሰዎች ያስቡበት» አለ። እኔም ያደርሳል ብዬ አምኜ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ ለደጀን ምሽግ ዱቄት እንደምንጭን ነው። ዘይቱን በካሚዮኗ ሞተር ሞልተን ወደየቤታችን ገባን።

ሲነጋ ዱቄት የለም። ከእስር ቤት በሰንሰለት የተቆራኙ አምስት ሰዎች አመጡ፤ አዲስ አበባ ሊወስዷቸው ነው። ድረስ ከመካከላቸው ነበር። ለአርበኛ ስንቅ አቀበልህ ብለው ከማሳው ላይ እንደ ወሰዱት ሰምቼ፣ በሰው በሰው ሳስለምን ነበር የሰነበትሁት። አሞኛል ብዬ ልቀር አሰብሁ። ግን እኔ ብቀር ሌላ ሹፌር ይነዳቸዋል፤ እኔ ከነዳሁ ቢያንስ የት እንዳደረሱት አውቃለሁ፣ ለሚስቱ ለሥራነሽም እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ። ድረስ ሊሳፈር በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አየኝና «አንሙት፣ ቀስ ብለህ ንዳ፤ አቶ በላቸው ጎናቸው ተሰብሯል» አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሰማሁት ድምፁ ይኸው ነው። አቶ በላቸው አብረው የታሰሩ ሽማግሌ ናቸው።

ሁለት መኪና ሆነን ተነሣን። አዛዡ የጣሊያን መኮንን በፊተኛዋ ሄደ፤ በእኔዋ ላይ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች የሆኑት አስካሪዎችና አለቃቸው ሹምባሹ ነበሩ። ያን ዕለት ውርጩ ሜዳውን አመድ የነሰነሱበት አስመስሎት ነበር፤ ሞተሩም በግፊያ ነው የተነሣው። ጥቂት እንደ ሄድን ከውስጥ ቀጥቃጭ ብረት የሚመታ የመሰለ ድምፅ መጣ። ቆሜ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሳወጣ ትናንት አንድ መስሎ የነበረው ተለያይቷል፤ የጉሎው እንደ እርጎ ረግቶ ከዘንጉ ላይ ተንጠለጠለ፣ ቀጭኑ ብቻውን ይንጠባጠባል። ለሹምባሹ ነገርሁት። የፊተኛዋ መኪና ከዓይናችን እየራቀች ነበርና «ዝም ብለህ ንዳ!» ብሎ ጮኸብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልደብቅዎትም። ነዳሁ፤ ልቤ ግን ደስ ብሎት ነበር። አገሩ የአርበኛ አገር ነው፤ ብትቆም ደርሰው ያስጥሏቸዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ለማቆም ያደረግሁት ነገር የለም፤ እንዳትቆምም አልጸለይሁም። ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ አንድ ጊዜ ጮኻ ቀጥ አለች።

ሹምባሹ አንዱን አስካሪ ወደ ሉማሜ በእግሩ ላከ። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ጠበቅን፤ መኮንኑም አልተመለሰ፣ የተላከውም አልመጣ። እስረኞቹን ከመኪናዋ ጥላ ሥር አስቀምጠዋቸው ነበር። ድረስ የአቶ በላቸውን ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ አየሁት። ኋላ ከማዶው ተረተር ጥሩምባ ተነፋ፤ ወዲያው አንድ ጥይት ጮኸ። አስካሪዎቹ ተያዩ። ሹምባሹ እስረኞቹን ይዞ መሸሽ እንደማይችል፣ ትቷቸው ቢሄድም መኮንኑ እንደማይምረው ገባው። «ወደ ታች አውርዷቸው» አለ።

እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ወንድሜ ነው፣ የእናቴ ልጅ ነው» አልሁት። ሹምባሹ እንደኛው ጥቁር ሰው ነው፤ አማርኛም ይችላል። ትንሽ አየኝና «እንግዲያስ አስነሣት፤ ከተነሣች ሁሉንም ጭነን እንሄዳለን» አለ። ከፊት የምትዞረውን የብረት እጀታ ይዤ ማዞር ጀመርሁ። አያ አካለ፣ የደረቀ ሞተር እንደማይዞር አውቃለሁ። እያወቅሁ ታገልሁ፤ የእጄ ቆዳ ተልጦ እጀታው ደም በደም ሆነ። «እመቤቴ፣ አንዴ ብቻ» እያልሁ ጎንበስ ብዬ ስታገል ተኩሱን ሰማሁ። ተኩሱ ካበቃ በኋላም እጀታውን አልለቀቅሁም፤ መልቀቄን አላስታውስም።

አርበኞቹ ሲደርሱ እነ ሹምባሹ ሸሽተዋል። አለቃቸው እንዳላማው የሚባል የዚያው የሉማሜ ሰው ነው። ካሚዮኗን ዞሮ ዞሮ አየና አቅፎ ሳመኝ። «የጠላትን መኪና የሰበረ እጅ!» ብሎ ደም የነካ እጄን ለሰዎቹ አሳየ፤ ፎከሩልኝ። አይደለም አልኋቸው። ኀዘን ነው እንዲህ የሚያናግረው አሉ። ካሚዮኗን አቃጠሉ። ድረስን በደብረ ማርቆስ በኩል አሳልፎ አገሩ ማግባት ስላልተቻለ፣ ከአራቱ ጋር እዚያው ቅርብ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ካህኑ ፍትሐቱን አላጓደሉም። ዓይኑን የገጠምሁለት እኔ ነኝ።

ጣሊያኖችም ሆን ብሎ ነው ብለው ራሴን ይፈልጋሉ። ከጋራዡ ሸሽቶ የመጣ ሰው እንደ ነገረኝ፣ አብረውኝ የሚሠሩትን ሊሰቅሏቸው ሲሉ ያ ሽማግሌ ጣሊያን «ዘይቱን ያስቀላቀልሁት እኔ ነኝ» ብሎ ለአለቆቹ ተናግሮ አስጣላቸው። እሱን ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። እናታችንን ጎረቤቶች ቶሎ ብለው ከከተማው አውጥተው ይጁቤ አክስታችን ቤት አስገቧት። እኔም ከአርበኞቹ ጋር በዚሁ አካባቢ አለሁ።

ሥራነሽ ከደብረ ኤልያስ በእግሯ መጥታ ፈለገችኝ። ልጇን አዝላ ነበር። አልተቀመጠችም። «እውነቱን ንገረኝ፤ ሆን ብለህ ነው ያቆምሃት?» አለችኝ። አይደለም፣ የተራረፈ ዘይት ነው የገደላት አልኋት። ልጇን አስተካክላ አዘለችና «ሆን ብለህ ቢሆን አንተን እጣላህ ነበር፤ ኋላም ለአገር ነው ብዬ እታረቅህ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?» አለች። ያልታጨደ ጤፏን የመንደሩ ሰው በደቦ አጭዶላታል።

ከሁሉ የከበደኝ የእናታችን ነገር ነበር። ለቅሶ የሚደርሰው ሁሉ ጀግና ወልደዋል ይላታል። እሷም በዚያ ወሬ ተደግፋ ተቀምጣለች። እንዳላማው ጠጅ አስይዞ መጥቶ በፊቷ ሲፎክርልኝ ራሷን ቀና አድርጋ ሰማችው። እኔ አጠገቧ ሆኜ መሬት መሬት አየሁ። እንዲህ እያልሁ ወራት አለፈ። ይህን ደብዳቤ እስከዚህ ከጻፍሁ በኋላ ሱዳን ላሉት ለእርስዎ እየነገርሁ ከእሷ ብደብቅ ምን ሰው ነኝ አልሁ። ትናንት ሄጄ፣ ከላይ ጀምሬ እስከዚህ አነበብሁላት። እጀታውን የያዝሁበት ላይ ስደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ስጨርስም እንደ ተሸፈነች ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የተቆጣችኝ መስሎኝ ፈርቼ አደርሁ።

ዛሬ ጠዋት ከሉማሜ በኩል እንግዶች ለቅሶ መጡ። አንደኛው እንደ ልማዳቸው «መኪናቸውን የሰበረው ልጅዎ እሱ ነው?» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። እናታችን «ተዉ» አለችው። «ልጄ መኪና አልሰበረም። ወንድሙን ሊያድን ሲያስነሣት ነበር፤ እምቢ አለችው።» ከዚያ ወደ ድረስ ለቅሶ ዞራ፣ በስሙ እየጠራች፣ ሲቀበር ያላየችውን ልጇን ዛሬ ገና ከልቧ አለቀሰችለት። እኔም አብሬያት አለቀስሁ።

አያ አካለ፣ በጸሎትዎ ድረስን ሲያስቡ አቶ በላቸውንና የቀሩትን ሦስት ሰዎች አይለዩብን። የሚፈርዱብኝ ካለም ይፍረዱብኝ፤ ፍርድዎን ግን ይላኩልኝ፣ ዝም አይበሉኝ።

እናታችን ዓይኗ ሳይጨልም እንድትመጡ ትለምናለች። አክስታችን ጥሩነሽ ስማችሁን እየጠራች ሰላም ትላለች። ሥራነሽ እጅ ትነሣለች፤ ልጇ መቀመጥ ጀምሯል። እትዬ ያለምወርቅን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። አለሚቱን ግንባሯን ይሳሙልኝ፤ አጎት ድረስ የሚባል እንደ ነበራት ይንገሯት።

ታናሽ ወንድምዎ አንሙት።

ይጁቤ፤ ጥር ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.