የጥድ አፋፍ ተጠያቂ

ኅዳር 4 ቀን 1999፣ መሐል ሜዳ

ብርድ። ቢሮ ውስጥ ካፖርት ለብሰን ዋልን። ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ቧንቧ የጫነው መኪና ደብረ ብርሃን ተበላሽቶ ቆሟል አሉ።

ወንዳፈራሁ አዲስ የቆዳ ጃኬት ለብሶ መጣ። ያምርበታል... ምን ይደረግ። እኔ ውሃ ጽሕፈት ቤት ስቀጠር እሱ ገና ተማሪ ነበር። ዛሬ አለቃዬ ነው።

ከሰዓት ሰበሰበን። ከምርጫው ግርግር ወዲህ የውጭ ለጋሾቹ እርዳታውን አዲስ አበባ ላሉት ሹማምንት በቀጥታ መስጠት ትተዋል። እርዳታው ወደ ወረዳ ይወርዳል፤ በምትኩ ሕዝቡ ባለሥልጣኑን መጠየቅ መቻሉን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። «ተጠያቂነት» አለ። አሁንም «ተጠያቂነት»። ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ሲያገላብጠው ዋለ።

ለጋሾቹ የሚልኳቸው እንግዶች የሚያዩት ጥድ አፋፍን ነው። የኔን ምንጭ! አምና በጋውን ሙሉ ከሰዉ ጋር ድንጋይ የተሸከምኩበት፣ እትዬ አስካለ ማርያም ቤት መደብ ላይ ያደርኩበት። ወንዳፈራሁ ለምርቃቱ ብቻ መጣ። ሰዉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ውሎ፣ ደህና ዋላችሁ እንኳ ሳይል ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄደ።

ኅዳር 9

ጫማዬን ቀባሁ። ነገ እንግዶቹን ጥድ አፋፍ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ሰዉ ለእንግዶቹ ስሜን ሲጠራ ወንዳፈራሁ ምን ይል ይሆን?

ኅዳር 10

ከጥድ አፋፍ አሁን ተመለስኩ።

ወንዳፈራሁ የእንግዶቹን ምሳ ሊያሰናዳ ከተማ ቀረ። እሰይ አልኩ። ስንደርስ ሰዉ የሱፍ ባናውን ደርቦ ቦኖው አጠገብ ተቀምጧል። ፈረንጇ ደህና ሴት ትመስላለች፤ ከውሃው በእፍኟ ጠጣች። የሆነ ነገር ተናገረች፣ ከአዲስ አበባ አብሯት የመጣው አስተርጓሚ ተቀበላት።

«ለዚህ ውሃ ተጠያቂው ማነው?»

ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የውሃ ኮሚቴዋ ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ማርያም ዞር ብለው አዩኝ። አሁን ሊጠሩኝ ነው ስል... ተነሱና ባናቸውን ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ፊት ለፊቴ ተገተሩ። ፈረንጇን ማየት እንኳ አልቻልኩም።

መልሱን የሰጡት ሽማግሌው ጋሽ ፈንታ ናቸው። «አቶ ወንዳፈራሁ የሚባሉ አሉ፤ መሐል ሜዳ። እሳቸው ናቸው።»

ሁሉም ተቀበላቸው። አዎ፣ እሳቸው ናቸው። አንድም ሰው እኔን አላነሳም።

ምን በደልኳቸው? አብሬያቸው አልበላሁም? አብሬያቸው አልተሸከምኩም?

ኅዳር 11

ሪባን የቆረጠ ሰው! አንዲት ድንጋይ ያላነሳ!

ታኅሣሥ 12

ወንዳፈራሁ ናይሮቢ ለወር ያህል ስልጠና ሊሄድ ነው። ስልክ ተደወለ። ሕዝቡ ተጠያቂውን በስሙ የሚያውቅበት ወረዳ ብርቅ ነው ብለዋል ለጋሾቹ። ጦርነት ያመሰው አገር፣ መንግሥቱ ለሁለት ለሦስት የተከፈለበት አገር አለ፤ እዚያ እርዳታው በማን እጅ እንደሚቀር እንኳ አይታወቅም። ከዚያ ለሚመጡት እሱ እንዴት እንደተሳካለት ያስረዳል አሉ።

እንዴት እንደተሳካለት! እኔም እኮ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ሁሉም እየተነሳ ጨበጠው። እኔም ጨበጥኩት። እንኳን ደስ አለህ አልኩት፣ ምላሴ እንዴት እንደታዘዘልኝ አላውቅም። ጥድ አፋፍን ዳግመኛ አልረግጣትም።

ጥር 3

ገበያ ውስጥ ከእትዬ አስካለ ማርያም ጋር ተገጣጠምን። የበግ ሱፍ ይዘው ወጥተዋል። ልሸሽ ነበር፣ እጄን ያዙኝ። ግራ ቀኙን አይተው ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

«ሰውዬው ተፈቱ?»

የትኛው ሰውዬ?

«አቶ ወንዳፈራሁ ናቸዋ! በአውሮፕላን ጭነው ወሰዷቸው ሲሉን ጊዜ እህል አልወርድ ብሎን ከረመ።»

ናይሮቢ ነው ያለው አልኳቸው።

«እሱ ደሞ የት ያለ እስር ቤት ነው ልጄ?»

ቀስ እያለ ገባኝ። ከምርጫው በኋላ የረብሻው ተጠያቂ እየተባለ ሰው በመኪና ሲጫን ያየ ገበሬ... ባለመኪና እንግዳ መጥቶ ተጠያቂው ማነው ቢለው ምን ብሎ ይስማ?

«አንተንማ እንዴት አሳልፈን እንስጥህ» አሉኝ። «በባናዬ ከልዬህ አልነበር? እሳቸውን ግን... ማንም አያውቃቸው፣ የማንም አይደሉ ብለን።»

ገበያ መሐል እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

ጥር 4

መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። እኔን ሸሸጉ፣ እሱን ሰጡ! ለማንም አልነግርም። ይሄ የኔ ነው።

ጥር 28

ወንዳፈራሁ ተመለሰ። ጥድ አፋፍ ካልሄድኩ ብሎ ይዞኝ ወጣ። ሰዉን ሰብስቦ ሊናገር ቆመ። «በዕድሜዬ እንዲህ አምኖ ስሜን የጠራ ሰው አላውቅም። አባቴም ቢሆን።» አለና አለቀሰ። በእውነት አለቀሰ።

ጋሽ ፈንታ በከዘራቸው መሬቱን ይጭራሉ። እትዬ አስካለ ማርያም አቀረቀሩ። እዚያች ቦታ ላይ ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሳቁ አልመጣም።

የካቲት 20

ጉድ ነው፤ እትዬ አስካለ ማርያም ሹክ አሉኝ። ጥድ አፋፎች ለንስሐ አባታቸው ለአባ አፈወርቅ ተናዝዘዋል። ንጹሕ ሰው አሳልፈን ሰጠን ብለው። አባም፣ ይቅርታ መጠየቁ ካሳፈራችሁ በደግነት ካሱት አሏቸው። ስለዚህ ይክሱታል። በሶው፣ ማሩ፣ የተፈተለ ሱፉ... ሁሉም ለወንዳፈራሁ።

እሱ ደግሞ ፍቅር መስሎታል። በየቅዳሜው በእግሩ ይወጣል። ማንም ሳያዘው የምንጩን አጥር አደሰ። የምንጩ ጥበቃ ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄዶ ጠየቀው።

እኔስ? እኔ አልተበደልኩ፣ ምን ብለው ይካሱኝ።

ሚያዝያ 7

ፆሙ ከተፈታ በኋላ ጥድ አፋፎች በግ አርደው ጠሩን። ጎን ለጎን አስቀመጡን። ፍሪምባው ለማን ደረሰ? ለሱ። እሱስ ይሁን፤ የሥጋ ነገር ነው። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እትዬ አስካለ ማርያም «ብላ እንጂ ልጄ፣ ምነው አንተ» አሉት።

አንተ!

በዚያ ቤት ከቢሮ ሰው አንተ የምባለው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱ እርስዎ ነበር፣ ባዳ ነበር። በልቼ ሳልጨርስ እጄን ታጠብኩ።

ግንቦት 22

ጎርፍ የጥድ አፋፍን ቧንቧ ነቀለው። በጠዋት ሰው ልከው ማንን አስጠሩ? የሠራሁት እኔ፣ እያንዳንዷን መገጣጠሚያ የማውቃት እኔ። ያስጠሩት እሱን።

እኔም ሳልጠራ ሄድኩ። ጃኬቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ አገኘሁት። የቧንቧ ቁልፍ አያያዝ አያውቅም። ቀምቼው አጠበቅሁት። ውሃው ሲመጣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ለሱ። ጋሽ ፈንታ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እሱ ነው የኛ ተጠያቂ» አሉ። ቃሉ አፋቸው ላይ ሌላ ቃል ሆኗል። ድሮ የሚያስፈራ ነበር፤ አሁን እንደ ልጅ ስም ይጠሩታል። ቦኖዋንም የወንዳፈራሁ ቦኖ ይሏታል፣ ፊቴ ላይ።

ሰኔ 14

ተስቦ ነው አለኝ ሐኪሙ። ከተኛሁ ሰነበትሁ።

ዛሬ በሩ ተንኳኳ። ወንዳፈራሁ ነው፣ ጄሪካን ተሸክሞ። የጥድ አፋፍ ውሃ። እትዬ አስካለ ማርያም «የሱ መድኃኒት የገዛ ውሃው ነው፣ ውሰድለት» ብለው ሰጡት። የገዛ ውሃው... ይህን ሲለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ልጠይቅህ መጣሁ» አለ።

ጠይቀኝ አልኩት።

ተቀመጠ። የጃኬቱ ክርን ተልጧል። «አስቻለው፣ እንግዶቹ የመጡ ዕለት አንተ እዚያው ነበርክ» አለኝ። «ሁሌ ይከነክነኛል። ምንም ያልሠራሁላቸውን ሰው... ለምን እኔን ጠሩ?»

ከጥር ጀምሮ እንዲመጣ የምመኘው ጥያቄ። መልሱን ጉንጬ ውስጥ ይዤው ነው የከረምኩት። አንዴ ብናገረው በቃ፣ ዳግመኛ ጥድ አፋፍ አይወጣም፣ ምንጩም የኔ ይሆናል። አየሁት። መልሱን እየፈራ ይጠብቃል።

«ስለሚወዱህ ነው» አልኩት።

ኅዳር ላይ ብዬው ቢሆን ውሸት ነበር። ምነው ዛሬም ውሸት በሆነልኝ።