በሰንጠረዥዎ ላይ ነጥብ ስለሆነችው እህቴ

ነሐሴ 2009 ዓ.ም.
ካርቱም

ለተከበሩ የጦር መሣሪያ ፈቃድ አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የጣሪያዎ ጤንነት እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ፤ ደጅ መተኛት ትቼ ከኮንክሪት ሥር ገብቻለሁ።

ንጋቱ እባላለሁ፤ ካርቱም ባሕሪ በሚባለው ሰፈር የብረት በር እበይዳለሁ። በግንቦት ወር ከማታው የፊደል ትምህርት ከሠላሳ አራት ተማሪ አንደኛ ወጥቼ ተመርቄያለሁ፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ ብለው እንዳይደክሙ። ሁለተኛ የወጣችው ታናሽ እህቴ እጅጋየሁ ናት። እውነቱን ለመናገር ፈተናውን ያስኮረጀችኝ እርሷ ነበረች፤ በሕይወት ሳለች ግን አንድም ቀን አላመንኩላትም።

በሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ ይከልከል አይከልከል በሚለው ክርክር «ለቅሶ አታሰሙን፣ ቁጥር አምጡ» ብለው ለጋዜጣ የሰጡትን ቃልና አብሮት የወጣውን የሟቾች ሰንጠረዥ የሥራ ባልደረባዬ ኦመር ተርጉሞ አነበበልኝ፤ ይህን ደብዳቤም ወደ ዓረብኛ የሚመልሰው እርሱ ነው። ለሰጡን ትምህርት እያመሰገንኩ ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

1ኛ. በዓመቱ መኪና 412 ሰው እንደገደለ፣ ከሰማይ የወረደ ጥይት ግን 3 ዜጋ ብቻ እንደገደለ፣ ይህም ከመኪናው ሟች አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ አዲስ ሕግ እንደማያስፈልግ ገልጸዋል። መቶኛ ተምሬያለሁና አሰላሁት፤ ልክ ነዎት። ብቻ መኪና ሲመጣ ጡሩምባ ይነፋል። እህቴ ላይ የመጣው እልልታ እየተሰማ ነው።

2ኛ. በሰንጠረዥዎ ላይ በውጭ ዜጎች ረድፍ ያለችው ነጥብ የዝንብ ኩስ መስላኝ በጥፍሬ ስፍቃት ኦመር እጄን ያዘና «ተዋት ወንድሜ፣ በዓረብኛ ዜሮ ናት» አለኝ። በሱዳን የገንዘብ ኖት ላይ ከሌላ ቁጥር ኋላ ተሰልፋ እንጂ እንዲህ ብቻዋን ቀርታ አይቻት ስለማላውቅ ነው። እኔስ እጅጋየሁን መቼ ብቻዋን አይቻት አውቃለሁ?

3ኛ. ነገሩ የሆነው ቡሪ ሰፈር ውስጥ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት ሲጠራ ነው። እህቴ የአሠሪዋን የወይዘሮ ዘሃራን ልብስ ጣሪያ ላይ እያሰጣች ነበር። ከሁለት ቤት ወዲያ ሙሽራው ሲወጣ ተተኮሰ። አንዱ ጥይት ተመልሶ በትከሻዋ ገባ። ወይዘሮ ዘሃራ በዚያው በእርጥብ አንሶላ ጠቅልላ ሐኪም ቤት አደረሰቻት፤ ጥይት ነው ብላም ለጸሐፊው ጮኻ ተናገረች። ጸሐፊው ግን በሞት ወረቀቱ ላይ «ከጣሪያ መውደቅ» ብሎ ጻፈ። መውደቁንስ ወድቃለች፤ እዚያው ጣሪያው ላይ፣ ከቆመችበት አንድ ስንዝር ሳትርቅ። ከእርሷ በፊት የወደቀ ነገር መኖሩን የሚጠይቅ ግን አልተገኘም። የሠርጉ ባለቤቶች መጥተው መዓሌሽ፣ ይቅርታ ብለውናል፤ ሦስት ቀንም አብረውን ተቀምጠዋል፤ ወግ አላጓደሉም። የማን ጥይት እንደሆነ ግን ሁሉም ስለተኮሰ ማንም አያውቅም።

4ኛ. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ መዝገብዎ ግን ይያዝልኝ። ኦመር የሞት ወረቀቱን ተረጎመልኝ፣ እኔ በራሴ እጅ በአማርኛ ጻፍኩት፣ ጭልጋ ላለችው እናቴም ደወልኩ። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር፤ የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረየስም ነበሩ። «የተማረው ልጅሽ ያንብብልሽ፣ ስልኩን ከፍ አድርጊው» አልኳት። ፊደል በፊደል፣ አንድም ሳልስት፣ ድምፄን ሞልቼ አነበብኩ። የምለቅመው ፊደሉን ስለነበር ያልኩትን አልሰማሁም። ስጨርስ ጎበዝ የሚለኝ ጠበቅኩ። ከዚያ እናቴ፣ «ልጄ ራሷን ጣለች?» አለች።

ጥይት ነው ብዬ ብምል ብገዘት፣ ወረቀት ከአፍ ይበልጣል ተባልኩ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፤ ቄስ ገብረየስም የተስተካከለ ወረቀት እስኪመጣ እጃቸውን ሰብስበዋል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አፍራ ትታለች። የእጅጋየሁ አርባ ሊወጣ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት፤ ወይዘሮ ዘሃራ ለመመስከር ዝግጁ ናትና ያቺን ነጥብ አንድ ያድርጉልኝ፣ በማኅተምዎም ያረጋግጡልኝ። በዓረብኛ አንድ ማለት ቀጥ ያለች ጭረት ናት፤ እህቴን ከተኛችበት አንስቶ ማቆም ማለት ነው። ክርክርዎ ይፈርሳል ብለው አይስጉ፤ ሦስቱ ከእርሷ ጋር አራት ቢሆኑም አሁንም አንድ በመቶ አይሞሉም። ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።

ቁጥር ላስተማሩን፣ ለቅሶ ላስጣሉን፣ ዕድሜዎ ከሰንጠረዥዎ በላይ ይርዘም እያልኩ፣

አክባሪዎ ንጋቱ፣
የበር በያጅ፣ ከሠላሳ አራት ሁለተኛ

ማስታወሻ፦ የልጅዎ ሠርግ በሚመጣው ሐሙስ እዚያው ቡሪ መሆኑን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። የሰፈሩ የቤት ሠራተኞች ልብሱን ማልደው አስጥተው ከአስር ሰላት በፊት ሊሰበስቡት ተስማምተዋል፤ ቁጥርዎ እንዳይበላሽብዎ።