የአቶ ሰብስቤ መኪና

ናዝሬት፣ መጋቢት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ገመዳ፣ ሞያሌ

እርስዎና እትዬ እናትነሽ እንደምን ከርማችኋል? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነን። ልጄ ኢተፋ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው፤ ሰሞኑን ከቤት አይወጣም፣ ያነባል።

እይልኝ ያሉኝን ትንሽ መኪና፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈተውን፣ አየኋት። ሻጩ ጎረቤታችን አቶ ሰብስቤ ናቸው። እስከ ደራ ነዳኋት፤ ዳገቱን ሳትለግም ወጣች፣ ቤንዚንም አታባክንም። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ታንገራግራለች እንጂ በዚህ ዋጋ ከእሷ የተሻለ አይገኝም። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ሁለት ኩንታል እህል ትይዛለች። ሰውም ጉልበቱን አጥፎ ቢተኛ ይበቃዋል፤ ከውጭ አይታይም። ራሴ ተኝቼ ሞክሬዋለሁ።

መኪናዋን ይነዳት የነበረው የአቶ ሰብስቤ ልጅ ተክለሃይማኖት ነው። አምና አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለብሔራዊ ውትድርና ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ነኝና። ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።

አቶ ሰብስቤ ከኋላ ስተኛ ቆመው አዩኝ። ቤት ገብተው ብርድ ልብስ አመጡና እተኛሁበት ቦታ ላይ አነጠፉት። «የልጄ ነው፤ ከመኪናዋ ጋር ይሂድ» አሉኝ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ይግዟት፣ ጋሼ። ሾፌር አይላኩ፤ እኔው አመጣልዎታለሁ።

ከስሜ በታች ማዕረጌን መጻፍ ለምጄ ነበር። ዛሬ ይቅርብኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ጉደታ